ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚነሣ ብግነት፦ የመግታት ጥረቱ ታሪክ

ብግነት በሕክምና ቋንቋ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ለጉዳት፣ ለተሕዋስያን ወይም ለባዕድ ነገር የሚሰጠው ምላሽ ሲሆን፣ በተለምዶ «ቁስሉ ተቆጣ» ሲባል የሚታየው መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ሕመም የዚሁ ምላሽ ገጽታ ነው። እነዚህን አራት ምልክቶች በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ አንድ ላይ መዝግቧቸው የነበረ ቢሆንም፣ ከምልክቶቹ በስተጀርባ ያለው ሥራ መታወቅ የጀመረው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1882 (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባሉት የሥነ ሕይወት ሊቅ በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው ሜሲና ከተማ ሳሉ በኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾኽ ሰክተው አሳደሩና፣ በማግስቱ በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ተሰባስበው እሾኹን ከብበውት አገኙ። ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ቤልጅየማዊው ጁል ቦርዴ፣ በደም ውስጥ ከፀረ እንግዳ አካላት ጋር ተባብረው ባክቴሪያን የሚያፈርሱ ሌሎች ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን አሳዩ፤ እነዚህም ኮምፕሊመንት የሚል ስም ወጣላቸው። ሜችኒኮፍ የ1908ን፣ ቦርዴ የ1919ን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉባቸው እነዚህ ሁለት ግኝቶች፣ ማለትም ባዕድን የሚከብቡት ሕዋሳትና ሕዋሳቱን የሚጠሩት ፕሮቲኖች፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ ዳግመኛ ተገናኙ።

የልብ ቀዶ ሕክምና ወደዚህ ታሪክ የገባው በሩማቲክ የልብ ሕመም በኩል ነው። ሩማቲክ ትኩሳት ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የመከላከያው ሥርዓት ተሳስቶ የገዛ ልቡን ሲያጠቃ የሚፈጠር በሽታ ሲሆን፣ እየቆየም በግራው የልብ ወገን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚለየውን ሚትራል የተባለውን ቫልቭ አጣብቆ ያጠብበዋል። ጁን 10 ቀን 1948 ፊላደልፍያ ውስጥ ዶክተር ቻርልስ ቤይሊ ጠዋት በአንድ ሆስፒታል ቀዶ ያደረጉለት ሕመምተኛ ሞቶባቸው ሳለ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተሻግረው የአንዲት ወጣት ሴትን የጠበበ ቫልቭ ልቧ እየመታ ከፈቱት፤ ሴቲቱም ዳነች። በዚያው ወር በቦስተን ድዋይት ሀርከን፣ በሴፕቴምበር ደግሞ በለንደን ራስል ብሮክ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና በማድረግ ተከተሏቸው።

ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ቫልቫቸው በደንብ ተከፍቶላቸው ወደየቤታቸው ከሄዱት ሕሙማን መካከል ጥቂት የማይባሉት ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ይዟቸው፣ አየር ሲስቡ ደረታቸውን እየወጋቸው፣ በልባቸው ሽፋንና በሳንባቸው ዙሪያ ፈሳሽ ቋጥረው ይመለሱ ጀመር። የጊዜው ሐኪሞች ከሚያውቁት በሽታ ተነሥተው፣ ቀዶ ሕክምናው አድፍጦ የነበረውን ሩማቲክ ትኩሳት ቀስቅሶታል ብለው ደመደሙ፤ ሕሙማኑ ሁሉ ያ በሽታ የነበረባቸው በመሆኑም ግምቱ የሚያስወቅስ አልነበረም። ጥርጣሬ የገባው በ1956 ዊልያም ድረስለር ብሩክሊን ውስጥ፣ የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ በሚሞትበት ሕመም (በተለምዶ ሃርት አታክ በሚባለው) ተይዘው በነበሩ ሰዎች ላይ ያንኑ ትኩሳትና ውጋት ሲገልጹ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሩማቲክ ትኩሳትም ሆነ ቀዶ ሕክምና አልነበረባቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ በኒው ዮርኩ የኮርኔል የሕክምና ማዕከል የሕፃናት ልብ ሐኪም የነበሩት ሜሪ አለን ኤንግልና ባልደረቦቻቸው ኢቶና ጎልድበርግ፣ ልባቸው ከተፈጥሮ ጉድለት ጋር በመወለዱ ቀዶ በተደረገላቸውና ሩማቲክ ትኩሳት ይዟቸው በማያውቅ ሕሙማን ላይ ሁኔታውን አሳዩ። ቀዶ በተደረገላቸው ሁሉ ዘንድ የጋራ የነበረው የልብ ሽፋን፣ ማለትም ፔሪካርዲየም የተባለው ልብን የሚከብበው ስስ ከረጢት፣ መከፈቱ ብቻ ስለሆነ፣ ሁኔታው ድኅረ ፔሪካርዲዮቶሚ ሲንድሮም ተባለ፤ ትርጓሜውም ሽፋኑ ከተቀደደ በኋላ የሚመጣ የምልክቶች ስብስብ ማለት ነው። በሽፋኑ ላይ የደረሰው ጉዳትና እዚያ የቀረው ደም የመከላከያውን ሥርዓት እየቀሰቀሱ በአካባቢው ብግነት ያስነሣሉ የሚለው ማብራሪያ በመሠረቱ እስከ ዛሬ ጸንቶ ኖሯል።

በዚያው አሥርት ዓመት ግን የሐኪሞችን ትኩረት ሁሉ የወሰደ ሌላ የብግነት ምንጭ ተፈጥሮ ነበር፤ እርሱም ማሽን ነው። ዶክተር ጆን ጊቦን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ውስጥ፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ የዘጋባትን ሴት ሌሊቱን ሙሉ ሲከታተሉ ካደሩ በኋላ፣ ጥቁሩን ደም ከሰውነት አውጥቶ ኦክስጅን አቀብሎ የሚመልስ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ብለው አሰቡ፤ ከባለቤታቸው ከሜሪ ጋርም በድመቶች ላይ እየሞከሩ ሐሳቡን ከሃያ ዓመት በላይ ተከታተሉት። በኋላም የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ መሐንዲሶች አገዟቸው። ሜይ 6 ቀን 1953 በፊላደልፍያው የጄፈርሰን ሆስፒታል፣ በልቧ የላይኛ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ የነበረባት የ18 ዓመት ወጣት ለ26 ደቂቃ ሕይወቷ ሙሉ በሙሉ በማሽኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀዳዳው ተሰፋላት። ማሽኑ ደሙን በቆሙ የሽቦ ወንፊቶች ላይ እንደ ስስ ንጣፍ እያፈሰሰ ኦክስጅን ባለበት አየር ውስጥ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ደሙ በመንገዱ እንዳይረጋ ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ጊቦን ከዚህ በኋላ የሞከሩባቸው ሁለት ልጆች ስለሞቱባቸው ሥራውን ተዉት።

ማሽኑን ያነሡት ሌሎች ናቸው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዋልተን ሊለሃይ መጀመሪያ ማሽኑን ወደ ጎን ትተው፣ ከማርች 1954 ጀምሮ የሕፃኑን ደም ሥር ከአባቱ ወይም ከእናቱ ደም ሥር ጋር በቱቦ አገናኝተው የወላጁን ልብና ሳንባ ለልጁ እንዲሠራ በማድረግ 45 ቀዶ ሕክምናዎችን ፈጸሙ፤ ከእነዚህ ሕሙማን 28ቱ ድነው ከሆስፒታል ወጡ። ባዕድ የሆነ ሳንባ ስላልነበረ ይህ አሠራር በደም ላይ የሚያደርሰው ጥቃት አነስተኛ ነበር፤ ሆኖም በአንድ ቀዶ ሕክምና ሁለት ሰው ለሞት የሚያጋልጥ በመሆኑ ሊዘልቅ አልቻለም። ከዚያው ግዛት ሳይወጡ፣ በሮቸስተሩ ማዮ ክሊኒክ ጆን ከርክሊን የጊቦንን ማሽን አሻሽለው በማርች 1955 ሥራ ሲጀምሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ 8 ሕሙማን 4ቱ ተረፉ። በዚሁ ዓመት የሊለሃይ ረዳት ሪቻርድ ደዎል ኦክስጅንን በቀጥታ በደም ውስጥ እያንፎለፎለ፣ አረፋውንም አረፋ በሚያጠፋ ንጥረ ነገር እያከሰመ የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ በመፍጠራቸው፣ ልብን ከፍቶ ማከም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

የልብ ጉድለቱ ያለ እንከን ተጠግኖ ሳለ ሕመምተኛው ከሰዓታት በኋላ የሚሞትበት ሁኔታ ትኩረት የሳበው በዚህ ጊዜ ነው። ሳንባው በውኃ ይሞላል፣ ሰውነቱ ያብጣል፣ ኩላሊቱ ይሰንፋል፣ ምንም ዓይነት ባክቴሪያ ሳይገኝበትም ትኩሳቱ ይንራል። ሐኪሞች ለሳንባው ሁኔታ የማሽኑን ስም የያዙ ልዩ ልዩ ስያሜዎች ሲሰጡት፣ ምክንያቱን ግን አንዳንዱ ከአየር አረፋ፣ ሌላው ከስብ ጠብታ፣ ሌላውም ከተሰባበሩ የደም ሕዋሳት ያገናኘው ነበር። የደም ሥሮች ውስጠኛ ገጽ ደም ሳይረጋና ሳይቆጣ እንዲያልፍ ሆኖ የተፈጠረ ብቸኛ ገጽ መሆኑ፣ ፕላስቲክና ብረት ግን የቱንም ያህል ቢለሰልሱ ለደም ባዕድ መሆናቸው በሚገባ የተጤነው ዘግይቶ ነው።

ምክንያቱ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ቀደመ። በማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንችና ኤድዋርድ ኬንዳል በ1948 ኮርቲዞንን ለመገጣጠሚያ ብግነት ሰጥተው አስደናቂ ውጤት ካገኙና በ1950 ከታደየስ ራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ከተጋሩ በኋላ፣ ስቴሮይድ የተባሉት የዚህ ወገን መድኃኒቶች ብግነት በተጠረጠረበት ቦታ ሁሉ ይሞከሩ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በብዙ የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን መስጠት ልማድ ሆነ፤ አንዱ ሆስፒታል ሁልጊዜ ይሰጣል፣ ሌላው ጨርሶ አይሰጥም፣ ሁለቱም ግን በትልቅ ጥናት የተደገፈ ማስረጃ አልነበራቸውም። ጥያቄው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይፈታ መቆየቱ የሕክምናው ዓለም ለራሱ ልማድ ያለውን ትዕግሥት ያሳያል።

የምክንያቱ ቁልፍ የተገኘው ከልብ ክፍል ሳይሆን ከኩላሊት ክፍል ነው። በኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሕሙማን እጥበቱ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ በደማቸው የሚገኙት ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር በድንገት እንደሚያሽቆለቁል፣ ትንፋሽም እንደሚያጥራቸው ይታወቅ ነበር። በ1977 ክራዶክ፣ ጄከብና ባልደረቦቻቸው በሚኒሶታ ባደረጉት ጥናት፣ ደሙ የማጠቢያውን የሴሎፎን ገጽ በነካ ጊዜ የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች እንደሚነቁ፣ የነቁትም ፕሮቲኖች ነጭ ሕዋሳቱን እርስ በርስ አጣብቀው በሳንባ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ እንደሚያስቀሯቸው አሳዩ። ጆን ከርክሊን በ1966 ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ስለነበር፣ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በልብና ሳንባ ማሽን ላይ ፈተሹትና በ1981 ውጤታቸውን አሳተሙ። ማሽኑ እንደተነሣ ሲ3ኤ የተባለው የኮምፕሊመንት ስባሪ በደም ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል፣ ሄፓሪንን ለመሻር የሚሰጠው ፕሮታሚን ደግሞ ኮምፕሊመንትን እንደገና ያነቃል። በ1983 ልጃቸው ጄምስ ከርክሊን የመሩት ተከታይ ጥናት ይህን ከሕሙማኑ ዕጣ ጋር አያያዘው፤ ሲ3ኤ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ሕመምተኛው በማሽኑ ላይ በቆየ ቁጥርና ዕድሜው ባነሰ ቁጥር ልብ፣ ሳንባና ኩላሊት የመታወካቸው ዕድል ይጨምር ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ሥዕሉ ሰፋ፦ ሳይቶካይን የሚባሉ፣ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች ይበዛሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ ደም ተቋርጦበት የነበረው የልብ ጡንቻ ደም ሲመለስለት በዚያው ይጎዳል፤ ደም ያነሰው አንጀትም የባክቴሪያ መርዝ ወደ ደም ያሾልካል። ከደረት ጉድጓድ ተመጥጦ ወደ ማሽኑ የሚመለሰው ደም በተለይ የተቆጣ መሆኑም ተረጋገጠ።

በዚህ ምዕራፍ ውስጥ እጅግ አስተማሪ የሆነው ታሪክ የአፕሮቲኒን ነው። አፕሮቲኒን ከከብት ሳንባ የሚወጣ፣ ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን የሚያግድ መድኃኒት ሲሆን፣ በጀርመን በ1930 ከተገኘ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለቆሽት (ለፓንክሪያስ) ብግነት ይሞከር ነበር። በለንደኑ ሀመርስሚዝ ሆስፒታል ዶክተር ዴቪድ ሮይስተንና ባልደረቦቻቸው፣ ማሽኑ የሚያነቃቸውን ኢንዛይሞች ቢያግድ ሳንባን ከብግነት ያድን ይሆናል በሚል ተስፋ በከፍተኛ መጠን ሰጡት። ያዩት ግን ያላሰቡትን ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ሜዳ ደረቅ ሆነ። በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ልባቸው ከተከፈተ 22 ሕሙማን መካከል መድኃኒቱን ያገኙት በአማካይ 286 ሚሊ ሊትር ደም ሲፈሳቸው፣ ያላገኙት 1509 ሚሊ ሊትር ፈሰሳቸው። ለብግነት የተጀመረው መድኃኒት ደም ማቆሚያ ሆኖ፣ ትራሲሎል በሚል የንግድ ስም በዓለም ተሠራጨ፤ በ1993 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ብግነትን መቀነሱም እንደ ተጨማሪ በረከት ይነገርለት ጀመር። በጃኑዋሪ 2006 በ4374 ሕሙማን ላይ የተደረገ የምልከታ ጥናት መድኃኒቱን ከኩላሊት ሥራ ማቆም ጋር ሲያያይዘው፣ በዕጣ የተመደቡ ሕሙማንን የያዘው የካናዳ ጥናት ደግሞ 2331 ሰዎች ላይ ከደረሰ በኋላ በ2007 እንዲቆም ተደረገ። በአፕሮቲኒን ወገን 6 በመቶ ያህል ሲሞቱ፣ ርካሽና ቀላል የሆኑትን ሌሎቹን ሁለት ደም ማቆሚያዎች ካገኙት ወገኖች ግን በእያንዳንዱ የሞቱት 4 በመቶ ያህል ነበሩ። አምራቹ ባየር በኖቬምበር 2007 ሽያጩን አገደ፤ በአውሮፓ እገዳው በ2012 ቢነሣም መድኃኒቱ የቀድሞ ቦታውን አላገኘም።

መድኃኒት ፍለጋው እንዲህ ሲዋዥቅ መሐንዲሶች ማሽኑን ራሱን ይለውጡት ነበር፤ ያለ ጩኸት የተገኘው ትርፍም ምናልባት እዚህ ላይ ይበልጣል። በ1980ዎቹ ደምንና ኦክስጅንን በቀጥታ የሚያነካኩት የአረፋ መሣሪያዎች፣ በመካከላቸው ስስ ገለፈት ላላቸው ቦታቸውን ለቀቁ፤ ቀጥሎም የቱቦዎቹ ውስጠኛ ገጽ በሄፓሪን ተለብጦ የደም ሥርን ጠባይ እንዲመስል ተሞከረ። በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል፣ ናይክ፣ ናይትና ኤሊየት በ1991 ባስተዋወቁት አሠራር፣ ቀዶ ሕክምናው አልቆ ቱቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት የሕፃኑ ደም ለጥቂት ደቂቃ በማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ማጣሪያው በማሽኑ መሙያ የተጨመረውን ውኃና ከዚያው ጋር ከሳይቶካይኖቹ የተወሰኑትን ስለሚያስወግድ፣ ያበጠው ሕፃን ይቀላል፣ የደም ግፊቱም ከፍ ይላል። የሰውነቱ ደም ከማሽኑ መሙያ ፈሳሽ ለሚያንስ ጨቅላ ይህ ከማንኛውም መርፌ የበለጠ እርዳታ ነበር።

ከሁሉ የሚቀልለው መልስ ማሽኑን መተው ይመስል ነበር። ቫሲሊ ኮሌሶቭ በ1964 ሌኒንግራድ ውስጥ ከደረት ግድግዳ የተወሰደ ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ጋር ልብ እየመታ ሰፍተው ስለነበረ፣ በ1980ዎቹ የአርጀንቲናው ቤኔቲና የብራዚሉ ቡፎሎ ይህንኑ መንገድ ሲያድሱት፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የኔዘርላንድስ ቀዶ ሐኪሞች የሚሰፋውን ቦታ ብቻ መጥጦ የሚያቆም መሣሪያ ሲሠሩ ተስፋው ገነነ። ማሽን ከሌለ ብግነት አይኖርም፣ ብግነት ከሌለም ሞትና ሕመም ይቀንሳል የሚለው አስተሳሰብ ማንንም የሚያሳምን ነበር። በ2009 በ2203 የአሜሪካ ጡረተኛ ወታደሮች ላይ የወጣው ጥናት ግን ያለ ማሽን የታከሙት ከአንድ ዓመት በኋላ የባሰ ውጤት እንደነበራቸው አሳየ፤ በ2012 በ19 አገሮች 4752 ሕሙማንን ያካተተው ሌላ ጥናትም በ30 ቀን ውስጥ በዋናው ውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በደም ውስጥ የሚለኩት የብግነት ምልክቶች ያለ ማሽን ዝቅ ይላሉ፤ የሕሙማኑ ዕጣ ግን በዚያ ልክ አልተለወጠም። የደረት አጥንት መሰንጠቁ፣ የልብ ጡንቻ መነካቱና የቀዶ ሐኪሙ ስፌት ጥራትም በሚዛኑ ላይ እንዳሉ ያኔ ግልጽ ሆነ።

ተመሳሳይ ዕጣ የገጠማቸው መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። የኮምፕሊመንትን ሰንሰለት አንዲት ቀለበት ላይ ብቻ የሚቆርጠው ፔክሴሊዙማብ፣ ከአላባማው ግኝት በቀጥታ የተወለደ ስለነበረ ብዙ ተጠብቆበት፣ ከ3000 በላይ ሕሙማንን በያዘውና በ2004 በታተመው ጥናት ዋና ግቡን ሳይመታ ቀረ። ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚወሰዱት ስታቲኖች ብግነትንም ስለሚቀንሱ፣ በ2006 የወጣ የ200 ሰዎች የኢጣሊያ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን የልብ ምት መዛባት ከ57 በመቶ ወደ 35 በመቶ አውርደዋል ሲል ሐኪሞች በደስታ ተቀበሉት፤ በቤጂንጉ ፉዋይ ሆስፒታል በ1922 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመው ትልቁ ጥናት ግን በምት መዛባት ረገድ ልዩነት አላገኘም፣ የኩላሊት ጉዳትንም መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝቶ አየው።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረው የስቴሮይድ ክርክር የተዳኘውም በዚሁ ዘመን ነው። በመጀመሪያ ከኔዘርላንድስ ዩትረክት የተመራውና በ8 ማዕከላት 4494 ሕሙማንን የያዘው ጥናት በ2012 ወጣ። ከታካሚዎቹ ግማሹ በኪሎ ግራም አንድ ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለው ማስመሰያ የተሰጣቸው ሲሆን፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው በመጀመሪያው ወገን 7.0፣ በሁለተኛው 8.5 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነቱም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው በእርግጠኝነት የሚበልጥ አልነበረም። በጎን የታየው ነገር ግን ያስገርማል፤ የመከላከያ አቅምን ያዳክማል ተብሎ የሚፈራው መድኃኒት በተሰጣቸው ዘንድ ኢንፌክሽን አነሰ እንጂ አልበዛም። ከዚያ በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በሪቻርድ ዊትሎክ መሪነት በ18 አገሮች 80 ሆስፒታሎች 7507 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት በ2015 ሲታተም፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ያገኙትም ያላገኙትም ሞት ወይም ከባድ ሕመም የገጠማቸው እኩል 24 በመቶ ሆኑ፤ የልብ ጡንቻ ጉዳትም መድኃኒቱን ባገኙት ላይ በረከተ። በ2022 ደግሞ በአሜሪካ 24 ማዕከላት 1200 ያህል ጨቅላዎችን ያካተተው ጥናት በሕፃናትም ዘንድ ግልጽ ጥቅም አላረጋገጠም። ከዚህ በኋላ ለአዋቂ ሕመምተኛ ሁሉ ስቴሮይድን በልማድ መስጠት በማስረጃ የሚደገፍ ሥራ አይደለም።

ተስፋ ሰጪው ውጤት የመጣው ሐኪሞች መላውን ሰውነት ከማሳደድ ተመልሰው በልብ ሽፋን ላይ ሲያተኩሩ ነው። ኮልቺሲን በመከር ወራት ከሚያብብ የአውሮፓ ተክል የሚገኝና ከጥንት ጀምሮ ለሪህ የታወቀ መድኃኒት ሲሆን፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ለመንቀሳቀስ የሚጠቀሙባቸውን ውስጣዊ ድጋፎች በማፍረስ ወደ ተቆጣው ቦታ እንዳይጎርፉ ያደርጋል። በ1987 የባርሴሎና ሐኪሞች ለሚመላለስ የልብ ሽፋን ብግነት ሰጥተውት ውጤት አይተው ነበር። ከቱሪን ማሲሞ ኢማዚዮና ባልደረቦቻቸው በ360 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር ሰጥተው በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ኤንግል በ1958 የገለጹት ሲንድሮም ከ21.1 ወደ 8.9 በመቶ ወረደ። በ2014 የታተመውና መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ የተሰጠበት ሁለተኛው ጥናትም ከ29.4 ወደ 19.4 በመቶ መውረዱን አሳየ፤ ሆኖም የልብ ምት መዛባትን በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሰም፣ የሆድ ሕመምም ከ11.7 ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሏል። ርካሹ መድኃኒት ያለ ዋጋ አልመጣም ማለት ነው።

የመጨረሻው መልስ ከመድኃኒትም ውጭ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ታካሚው በጀርባው ስለሚተኛ፣ የሚፈሰው ደም ከልብ በስተኋላ ባለው የሽፋኑ ኪስ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እዚያ የቀረው ደም በአጠገቡ ያለውን የላይኛውን የልብ ክፍል እያስቆጣ ምቱ እንዲዛባ ያደርጋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ሽፋኑን ከግራ በስተኋላ በኩል በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀድደው ደሙ ወደ ግራው የሳንባ ጉድጓድ እንዲፈስ፣ ከዚያም በቱቦ እንዲወጣ ያደርጉ ነበር፤ አሠራሩ ግን ትንሽ በመሆኑ ይመስላል ብዙዎች ችላ ብለውት ቆዩ። በኒው ዮርክ ማሪዮ ጋውዲኖና ባልደረቦቻቸው በ420 ሕሙማን ላይ በዕጣ ፈትሸውት በ2021 ሲያሳትሙ፣ የምት መዛባቱ ከ32 ወደ 17 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ጥናቱ የተካሄደው ድኅረ ፔሪካርዲዮቶሚ ሲንድሮም ስሙን ባገኘበት በኮርኔል የሕክምና ማዕከል ነው። ለተጨማሪው ሥራ የሚያስፈልገው ለመደበኛው ቀዶ ሕክምና የቀረበው መቁረጫና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ታሪክ የሚነካቸው ሰዎች በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ ምክንያቱም ቤይሊን ወደ ልብ ያስገባቸው የሩማቲክ ቫልቭ ሕመም በበለጸጉት አገሮች ሊጠፋ ሲቃረብ እዚህ ግን ሕፃናትንና ወጣቶችን ማጥቃቱን ቀጥሏል። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ሥራ የጀመረውና በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተመሠረተው የልብ ማዕከል ከሚያስተናግዳቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ከዚሁ ወገን ናቸው። ድኅረ ፔሪካርዲዮቶሚ ሲንድሮም ደግሞ ከዕድሜ ጠገቦች ይልቅ ወጣቶችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ የሚታየውም በአብዛኛው ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። በመሆኑም ልቡን ታክሞ ከወጣ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ትንፋሽ ሲስብ የሚወጋ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው በራሱ መድኃኒት ከመግዛት ታቅቦ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ወዳደረጉለት ሐኪሞች መመለስ ይኖርበታል፤ በልብ ሽፋን ላይ የተነሣውን ብግነት በቫልቩ ላይ ከሰፈረ ኢንፌክሽን የሚለየው የደም ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ እንጂ ትኩሳቱ አይደለም፣ የሁለቱም ሕክምና ፈጽሞ የተለያየ ነው።